ባለቤት የሌለው ምድር

መጻሕፍቱ ወደ ቤታችን የገቡት በጆንያ ነው። ደርግ በወደቀበት ዓመት የነገሌ ጦር ሰፈር ባዶውን ሲቀር፣ የከተማው ሰው እየገባ ያገኘውን ይዞ ወጣ። ቆርቆሮ የወሰደ አለ፣ የብረት አልጋ የወሰደ አለ፣ ሁለቱም የግራ እግር የሆነ ቦት ጫማ ታቅፎ የሄደም አለ። አባቴ በዚያው ሰፈር የንብረት ክፍል ጸሐፊ ስለነበረ ምን የት እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃል። እሱ ግን ይዞ የመጣው አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ እሽግ የካርቦን ወረቀትና ከመኮንኖች ክበብ ቤተ መጻሕፍት የሞላው አንድ ጆንያ መጽሐፍ ነው። እናቴ አልጋ ሳያመጣ በመቅረቱ እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችውም።

ከጆንያው የወጣው አብዛኛው ለምድጃ ማያያዣ ካልሆነ ለምንም የማይበጅ ነበር፤ የጉባኤ ንግግር፣ የሶሻሊዝም መማሪያ፣ የትራክተር መመሪያ። ከሥር ግን በአራት ቅጽ የተዘጋጀ አንድ ልብ ወለድ ወጣ። ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነው። ሽፋኑ ላይ ሸራ የለበሰ፣ በሬዎች የሚጎትቱት ጋሪ አለ፤ ከኋላው ቀይ ሰማይ። ተርጓሚው በመግቢያው ላይ ታሪኩ በአሜሪካ ምዕራብ በእውነት የተፈጸመውን መሠረት ያደረገ መሆኑን ጽፏል። ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። «ታሪካዊ ልብ ወለድ» የሚለውን አንብቤ፣ ልብ ወለድ የሚለውን ረስቼ ታሪካዊ የሚለውን ያዝኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ከምሥራቅ ተነሥተው በጋሪ ስድስት ወር ይጓዛሉ። ወንዝ ይሻገራሉ፣ ልጅ ይቀብራሉ፣ በሬ ይሞትባቸዋል። በመጨረሻ ሰማይና ሣር ብቻ ካለበት ሜዳ ላይ ምንጭ ያገኛሉ። አባትየው ባርኔጣውን አውልቆ ይንበረከክና አፈሩን ይስማል፤ ከዚያ ተነሥቶ አራት ካስማ ይተክላል። የእኛ ነው ይላል። ቀሪዎቹ ቅጾች ካስማውን ሊነቅሉ የሚመጡ ሰዎችን በጥይት የመመለስ ታሪክ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ስም የላቸውም። ከኮረብታ ጀርባ ብቅ ይላሉ፣ ይጮሃሉ፣ ይወድቃሉ። በአራቱም ቅጽ ውስጥ አንድም ጊዜ ውሃ ሲጠጡ አላየሁም።

እኔ ጋሪው ላይ ነበርኩ። ሌላ የት ልሆን እችላለሁ? አያቴ ከሰሜን ከጦር ጋር መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው። በቤታችን የሚወራው ሁሉ የመምጣት ወሬ ነው፤ ስንት ቀን እንደተጓዙ፣ የት በቅሎ እንደሞተባቸው። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእኛ ሰዎች ሲመጡ እዚህ ጅብ ብቻ ነበር» ይል ነበር። ያንን ሲል ወተቱን ያመጣችው የቦረና ሴት በራችን ላይ ቆማ ቅሏ እስኪመለስላት ትጠብቃለች። ይህን ያየሁት ዛሬ ነው። ያኔ ያየሁት ቀዩን ሰማይ ነው። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ያቺ የምንጩ ገጽ በእጄ ላብ ጠቆረች።

ወተቱን የምታመጣው ሴት ባል ሽማግሌ ነበሩ። በገበያ ቀን ከብት ሊሸጡ ሲመጡ ዱላቸውን በራችን ላይ አስደግፈው፣ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ይገቡና የመመለሻ ጭነት መኪና እስኪገኝ ደጃችን ካለው ግራር ሥር ይቀመጣሉ። ከከተማው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ሜዳ ላይ ያለው ኤላ፣ ማለትም ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ፣ የእሳቸው ወገን ንብረት ነው። እሳቸው ደግሞ የኤላው አባ ሄሬጋ ናቸው። አባ ሄሬጋ ማለት የውሃውን ተራ የሚይዝ ሰው ነው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን ይጠጣል፣ ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል፣ የሚወስነው እሱ ነው። በበጋ ሺህ ከብት በጥማት እያገሳ ሲቆም አንድም ሰው ዱላ ሳያነሣ ሁሉም ተራውን የሚጠብቀው በዚያ አንድ ሰው ቃል ነው። ወረቀት የለም፣ ማኅተም የለም። ቃሉ ከታመነ ውሃው አለ፤ ቃሉ ካልታመነ ደም አለ።

እኔ ለሽማግሌው መጽሐፉን በኦሮሞኛ እየተረጎምኩ አነብላቸው ነበር። ለደግነት አይደለም። ማንበቤን እንዲያዩልኝ ነው። እሳቸው ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ይሰማሉ። በሬው ሲሞት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ልጁ ሲቀበር ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ምንጩ ጋ ስንደርስ ግን መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ።

«ቀን ማን ሰጣቸው?» አሉ።

«የምን ቀን፣ አባ?»

«የውሃ ቀን ነዋ። ከብት ይዘው መጥተዋል፤ ማንን ጠይቀው አጠጡ?»

«ማንም አልነበረማ። ባዶ ነበር።»

«ውሃ ያለበት ባዶ አገር?» ሳቁ፤ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ይህን የጻፈው ሰው ከብት የለውም።»

ተናደድኩ። ታሪክ መሆኑን፣ በእውነት የሆነ መሆኑን፣ መጽሐፍ ላይ መጻፉን ነገርኳቸው። እሳቸው እሺ እሺ አሉ፤ ለሕፃን እሺ እንደሚባለው። በሌላው ገበያ ቀን ገና ሳይቀመጡ፣ «እነዚያ ሰዎች ቀን ጠየቁ ወይስ ገና ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር መጠየቃቸውን አልተዉም። ቢጠይቁ እንደማይከለከሉ፣ እንግዳ ከነከብቱ ከመጣ ከኋላም ቢሆን ተራ እንደሚሰጠው፣ ውሃ መከልከል ነውር እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሰዎቹ ለምን ጥይት እንዳባከኑ ሊገባቸው አልቻለም። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ምስኪን፣ ስላልተማሩ ነው አልኩ።

አባቴ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ በዚያች የጽሕፈት መኪና ራፖር ጸሐፊ ሆኖ ነበር። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ ተክሎ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ቢሮዎቹ ወደ ኦሮሞኛና ወደ አዲሱ ፊደል ሊዞሩ ነው ይባል ነበር፤ ለጊዜው ግን በአማርኛ የተጻፈውንም ይቀበሉ ነበር። አባቴ አዲሱን ፊደል አልማርም ብሎ አሻፈረኝ አለ። «ፊደል እኔን ይልመደኝ» ይል ነበር። ገበያው በየወሩ እየሳሳ ሲሄድ ያያል፤ ግን ከኩራቱ አይወርድም።

አንድ ደንብ ነበረው። ባለጉዳዩ የተናገረውን ጻፍ፤ አትጨምር፤ ከዚያ ጣቱን ቀለም ከመንከሩ በፊት የጻፍከውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሰህ በሚገባው ቋንቋ አንብብለት። ማንበብ የማይችል ሰው የሚፈርመው ወረቀት ላይ ሳይሆን ጸሐፊው ላይ ነው ይለኝ ነበር።

የዚያን ዓመት በጋ አባቴን ወባ ጣለው። እኔ ከትምህርት መልስ ጃንጥላው ሥር ተተካሁ። ሽማግሌው የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ተራ የገበያ አመጣጥ አልነበረም፤ ሁለት የእድሜ እኩዮቻቸውን ይዘው ነበር። አንድ የከብት ነጋዴ ሜዳውን ከነኤላው አጥሮ የከብት ማድለቢያ ሊያደርገው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አመልክቷል። ተቃዋሚ ካለ በጽሑፍ ያቅርብ ተብሏል። ሽማግሌው ወንበሬ ፊት ቁጢጥ ብለው ቃላቸውን ሰጡኝ። አጭር ነበር።

«ኤላውን የቆፈረው የአያቴ አባት ነው። ከዚያ በፊትም ምድሩ የእኛው ነበር። ተራውን የምይዘው እኔ ነኝ። የመጣን አንከለክልም፤ ነጋዴውም ይጠይቅ፣ ቀን እንሰጠዋለን። አጥር ግን ይቅር። ይኸው ነው።»

ይኸው ነው! እኔ ግን ደረቅ ሆነብኝ። በዚህ ደረቅ ወሬ ቢሮ ውስጥ ያለን ሰው ልብ ማን ይነካል? እኔ አራት ቅጽ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ጣቶቼ እየቸኮሉ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ በቃሌ የማስታውሰው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «የአያቴ አባት ሰው ያልረገጠውን፣ ባለቤት የሌለውን ጠፍ ምድር አቋርጠው መጥተው፣ ከምድረ በዳው መንጋጋ ውሃን በላባቸው የነጠቁ ጀግና ነበሩ።»

ቆንጆ ነው። አሁንም ቆንጆ ነው፤ አምላኬ፣ ይቅር በለኝ። ሽማግሌውን ክብር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣ አልብሼ፣ ጋሪ ላይ አስቀምጬ፣ አፈር አስሜ አመጣኋቸው። ከምሥራቅ የመጡ አስመሰልኳቸው። ጀግና ለመሆን ከሌላ ቦታ መምጣት ያስፈልጋል ብዬ አምን ነበር። እዚያው ተወልዶ እዚያው የቆየ ሰው ታሪክ ያለው አይመስለኝም ነበር።

መልሼ ሳነብላቸው ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ተደናቀፍኩ። «ባለቤት የሌለው ምድር» የሚለውን ለእሳቸው እንዴት አድርጌ በኦሮሞኛ ልበል? ብናገር እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ ድዳቸው ታየኝ። ስለዚህ ዘለልኳት። «ኤላውን የቆፈረው የአያቴ አባት ነው» ብዬ እሳቸው ያሉኝን መለስኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ልክ ነው፣ እንዲያ ነው ያልኩት» አሉ። አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ጣታቸው በኤላ ገመድ የተላገ ስለሆነ አሻራው ደብዝዞ ወጣ፤ ሁለተኛ ጊዜ አስደገምኳቸው።

መልሱ በወሩ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ የጻፈው ከእኔ አጻጻፍ ያጠረ ነበር። አመልካች ቦታው ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት እንደነበረና ቤተሰባቸውም ከሌላ ስፍራ የመጣ መሆኑን በጣት አሻራቸው ያረጋገጡ ስለሆነ፣ ጠፍ መሬት ደግሞ የመንግሥት ስለሆነ፣ ተቃውሞው ተቀባይነት የለውም። ሽማግሌው ይህን የሰሙት ከጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አፍ ነው። እንዲህ አላልኩም አሉ። ብለዋል፣ ጣትዎ ይኸው አላቸው። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ቤታችን መጡ።

አባቴ ያን ቀን አልጋ ላይ ተደግፎ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው ከጎኑ ተቀምጠው ወሬውን ነገሩት፤ የቢሮው ሰው ውሸታም ነው፣ ያላልኩትን አለ ይለኛል አሉ። አባቴ የካርቦን ቅጂውን አምጪ አለኝ። አመጣሁ። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ አየሁት፤ ከንፈሩ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ስለ ዝናብ የሚያወራ በሚመስል አነጋገር እንዲህ አለኝ፦

«ይህ ከተሰማ ከእንግዲህ ጃንጥላችን ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም። ያን ቀን እንዳነበብሽላቸው አድርገሽ አንብቢላቸው።»

የደንቡ ባለቤት ይህን አለኝ። ሽማግሌው አማርኛ ገበያ ላይ ከሚያስፈልጋቸው በላይ አያውቁም፤ ዓይናቸው ከአባቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቴ ይመላለሳል። ወረቀቱን ተቀብዬ ለሁለተኛ ጊዜ አነበብኩላቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ዘለልኳት። የመጀመሪያው ስንፍናና ኩራት ነበር፤ ሁለተኛው ውሸት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔው ግን ወለምታ አልነበረም፤ እያወቅኩ ያደረግኩት ነው።

«አያችሁ!» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው በራ። ተነሥተው የአባቴን እጅ ጨበጡ፤ ራሴ ላይ እጃቸውን አድርገው መረቁኝ። ምርቃታቸው ረጅም ነበር። ቆሜ ተመረቅኩ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኤላውን ብቻ ባጡ ነበር። ግን ኤላውን የሚጠጡት ሌሎች ጎሣዎች ወሬውን ሰሙ። አባ ሄሬጋው ራሱ ኤላው ባለቤት የለውም ብሎ ፈርሟል፤ በጎን ለነጋዴው ሸጦታል ተባለ። የኤላው ሽማግሌዎች ጉባኤ ተጠራ። ሽማግሌው ወረቀቱን ይዤ እንድመጣላቸው ላኩብኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ምክንያቱን መናገር ስለማልችል።

ከነገሌ በከብት ጫኝ መኪና ጋቢና ተጭኜ ሄድኩ። ጉባኤው ከኤላው በላይ ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር ነበር። ከታች የወጣቶቹ ዜማ ይሰማል፤ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ ውሃውን እጅ በእጅ እያቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጡታል። ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ነጋዴው የላከው አንድ ወጣት የቢሮ ሠራተኛም ማኅተም ያለበትን ዋናውን ወረቀት ይዞ መጥቷል።

ሽማግሌው ተነሡ። ያንን ቃል አላልኩም፣ ወረቀቱም ውስጥ የለም አሉ። ሁለት ጊዜ አስነብቤያለሁ፤ ያነበበችልኝ ይህች ልጅ ናት፤ አባቷ ወዳጄ ነው አሉ። ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙና ማሉ። በልጆቻቸው፣ በከብቶቻቸው፣ በኤላው ማሉ። እንዲህ ያለ መሐላ በእድሜያቸው ምናልባት ሁለት ጊዜ የሚምሉት ነው።

ከዚያ ወጣቱ ዋናውን ወረቀት አነበበ። በአማርኛ አነበበ፤ በኦሮሞኛ ተረጎመ። ዝም ብሎ ተረጎመው፤ እኔን ያደናቀፈኝ ነገር እሱን አላደናቀፈውም። ባለቤት የሌለው። ሰው ያልረገጠው። ከሌላ ቦታ የመጣ። ጣቱ ይኸው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ማንበብ የማይችሉ ሰባት ሰዎች አሻራውን አዩ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተላ፣ ይህን ቃል አንብበሽለታል?» አሉኝ።

ፈርቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ፈርቼም ነበር፤ ከብታቸው ሊጠማ የደረሰ ሰዎች መሀል ብቻዬን ነበርኩ። ግን አሁን በዚህ ዕድሜዬ ለራሴ መዋሸት ሰልችቶኛል። ከፍርሃቱ በላይ የያዘኝ ሌላ ነው። አላነበብኩም ካልኩ ለምን እንዳላነበብኩ ልናገር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ለምን እንደጻፍኩ። በእነዚያ ሰዎች ፊት፣ ውሃ የሚያወጡት ልጆች እየዘፈኑ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣኋት ልናገር ነው። ሞኝ መሆኔ ከሚታወቅ እሳቸው ሐሰተኛ መባላቸው ቀለለኝ። በዚያ ቅጽበት የመዘንኩት ይህንን ነው።

«አንብቤላቸዋለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው አላዩኝም። አልጮኹም፣ ትዋሻለች አላሉም። ቃል ደግመው አልተናገሩም፤ ከማሉ በኋላ መከራከር መሐላን ማርከስ ነው። ዱላቸውን ከመሬት ሳያነሡ ጥቂት ቆሙ። ሰባቱ ብዙ አልተነጋገሩም። በሐሰት የማለ ሰው ተራ አይዝም፤ ይህ ሕግ መነጋገር አያስፈልገውም። ሄሬጋው ለሌላ ተሰጠ፤ ቅጣት ተፈረደባቸው። በዚያው ቀን ከብቶቻቸው የጠጡት ከሁሉም በኋላ ነው። እኔ በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ። አባቴ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም።

ወተቱ ቆመ። እናቴ ወተት ከሌላ ሴት መግዛት ጀመረች፤ ያችኛዋ ምን ነካት ስትል አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ነጋዴው ሜዳውን አጠረ። ለኤላው የውሃ ሞተር አመጣ፤ ሞተሩ ሁለት በጋ ሠርቶ ተበላሸ። ኤላ ደግሞ ካልጠረጉት ይሞላል፤ መጥረግ የመቶ ሰው ክንድ ይፈልጋል፤ በገንዘብ ተቀጥሮ የሚወርድ ሰው አልተገኘም። ጥቂት ክረምት ቆይቶ አፉ ተናደ። ነጋዴው ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። አጥሩ ለማገዶ ተነቀለ። የአባቴም ጃንጥላ ቢሮዎቹ በአዲሱ ፊደል መሥራት ሲጀምሩ ባዶ ቀረ። ሽማግሌውን የሸጥንለት ደንበኛ ራሱ አንድ በአንድ ጥሎን ሄደ። የነበረን ትርፍ ይህ ነው።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ክብረ መንግሥት ጥቂት ዓመት፣ ከዚያ እዚሁ ነገሌ። አማርኛ ነው የማስተምረው፤ ለአብዛኞቹ ተማሪዎቼ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ድርሰት ሲጽፉ ቃል አታሳምሩ እላለሁ፤ የሆናችሁትን፣ ያያችሁትን ጻፉ እያልኩ እጮሃለሁ። ደረቅ መምህርት ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው።

አባቴ ከሞተ በኋላ ዕቃውን ስናወጣ አራቱ ቅጾች ከአልጋው ሥር ተገኙ። የመጀመሪያውን ገለጥኩና ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ብስጭት ያዘኝ፤ ቅጥፈቱ፣ ጥይቱ፣ አፈር መሳሙ። ምንጩ ጋ ስደርስ፣ በላቤ የጠቆረችው ገጽ ላይ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤ አንድም ጊዜ ያላየሁትን ነገር አየሁ። ደራሲው ጽፎታል። በምንጩ ዙሪያ ድንጋዮች በክብ ተደርድረው ነበር ይላል፤ የድንጋይ ሽበት አብቅለዋል ይላል፤ አጠገባቸው የቆየ አመድ አለ ይላል። አባትየው ከአንደኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። በቃ፤ ታሪኩ አልፎ ይሄዳል። ድንጋዩን ማን እንደደረደረው የሚጠይቅ የለም። ሽማግሌው አንዲት ገጽ ሳያነቡ የጠየቁትን፣ እኔ አንባቢዋ ዓይኔ ሥር ተጽፎ አላነበብኩትም።

ሽማግሌው በሕይወት እንዳሉ፣ ሜጋ ከተማ ሴት ልጃቸው ዘንድ እንደሚኖሩ ሰምቼ ነበር። ለዓመታት ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር። በዚያ ሳምንት በአሬሮ በኩል ሄድኩ።

ልጃቸው ከዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት፤ ለሹፌሮች ሻይና ለስላሳ ትሸጣለች። እሳቸው በሱቁ ጥላ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል። «ናጋ፣ አባ» አልኳቸው። ድምፄን ሰምተው ፊታቸውን አቀኑ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸው ነገሩኝ። አባቴን ጠየቁ፤ ሞቷል አልኩ። እግዚአብሔር ይማረው አሉ። ከፊታችን የጭነት መኪኖች ያልፋሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን እንደጻፍኩ፣ ምን እንደዘለልኩ፣ አባቴ በአማርኛ ምን እንዳለኝ፣ ከዛፉ ሥር መዋሸቴን። ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ከለከልኩት። እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ነው፤ አልተነሣም።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «መዋሸትሽን ያን ቀን ሰምቻለሁ። እዚያው ነበርኩ። ያላወቁት የማልኩላቸው ናቸው።»

ሰባቱን በየስማቸው፣ ተራቸውን ሳያፋልሱ ጠሩልኝ። «አንድም የቀረ የለም፤ ሁሉም ሞተዋል» አሉ። «ሂጂና ለእነሱ ንገሪ።»

«የት ነው የተቀበሩት?» አልኩ፤ ምን እንደምናገር ጠፍቶኝ።

«አላውቅም» አሉ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ቀብር የጠራኝ ሰው የለም።»